አራት አፕ፣ አንድ ሰዓት፣ አንዲት አስታማሚ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ሲስተር፣ ታናሽ ወንድሜ የደም ካንሰር ታሞ ከታላቅ እህታችን በተወሰደ ስቴም ሴል ንቅለ ተከላ ተደርጎለታል። በሚቀጥለው ሳምንት ከሆስፒታል ይወጣል። አስታማሚው እኔ ነኝ። ሆስፒታሉ አንድ አፕ ጫኑ ብሎናል። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ሦስት ጨመረልኝ። አንዱ መድኃኒት ያስታውሳል፣ አንዱ የሕመም ምልክት ይመዘግባል፣ አንዱ ለአንቺ ጭንቀት ነው አለኝ። ለወንድሜም ስማርት ሰዓት ገዛለት። ቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቷል። ግራ ገባኝ። የትኛውን ልያዝ? ስልክ ሳይ ልውል ነው ወይስ ወንድሜን ሳይ?»

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። የመጨረሻዋ ጥያቄሽ ከሁሉም ስለምትበልጥ ከእሷ ልጀምር።

እኔ ንቅለ ተከላ ክፍል ውስጥ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። በኋላም ወደ ቤት የተመለሱ ሕሙማንን በስልክ እከታተል ነበር። አንቺ ስትደውዪ ወዲያ ማዶ ሆና የምታነሳው ሴትዮ ማለት ነው። ስለ አፕ የማስበው ሁሉ የመጣው ከዚያ ወንበር ነው።

ባጭሩ ይኸውልሽ። አንድ አፕ ሥራ ከቀነሰልሽ ያዢው። ሥራ ከጨመረብሽ ሁለተኛ ታማሚ ሆኖብሻልና አጥፊው። ለመለየት ደግሞ ይህን ጠይቂ፦ እዚህ ላይ የምጽፈውን ማን ያነበዋል? መቼ ያነበዋል? አንብቦስ ምን ያደርጋል?

ይህችን ጥያቄ የተማርኩት በክፉ አጋጣሚ ነው። ድሮ በሠራሁበት አንድ ቦታ አስታማሚዎች በየቀኑ በስልካቸው የሚሞሉት ቅጽ ነበረን። አርባ ምናምን ጥያቄ። አንዲት ሚስት ቅዳሜ ማታ የባሏን ትኩሳት 38.4 ብላ ሞላች። ስልኩ «እናመሰግናለን፣ መረጃዎ ደርሶናል» አላት። ደረሳቸው ብላ ጠበቀች። በእርጥብ ጨርቅ ስታበርድለት አደረች። ቅጹን የሚያነበው ሰው ግን ሥራ የሚገባው ሰኞ ጠዋት ነው። ሰውየው እሁድ ረፋድ ላይ ተዝለፍልፎ ድንገተኛ ክፍል ገባ። ተርፏል፤ ግን ብዙ ቀን አልጋ ላይ ቆየ። እሷ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ ስታለቅስ አጠገቧ ነበርኩ። የእሷ አልነበረም። «ደርሶናል» ያልነው እኛ ነን።

ወዲያ ማዶ ሰው ሲኖር ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ኒውዮርክ በሚገኘው በሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ካንሰር ማዕከል በ766 ሕሙማን ላይ የተሠራ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። የንቅለ ተከላ ሕሙማን አይደሉም፤ ካንሰራቸው ተሰራጭቶ ኬሞቴራፒ የሚወስዱ ናቸው። ከፊሎቹ ምልክታቸውን በኮምፒውተር ይመዘግቡ ነበር። ምልክት ሲብስ ለነርሷ ኢሜይል ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ውጤት የእነዚህ ሕሙማን መካከለኛ የመኖር ጊዜ 31.2 ወር ሲሆን በተለመደው መንገድ የተከታተሉት ደግሞ 26 ወር ነበር። ሰው ይህን ሲያወራ ስለ ሶፍትዌሩ ያወራል። እኔን የምትታየኝ ኢሜይሉን አይታ ስልክ ያነሳችው ነርስ ናት።

ስለዚህ ከሆስፒታል ከመውጣታችሁ በፊት ስለ አፓቸው ፊት ለፊት ጠይቂያቸው። «ሌሊት የሚያየው አለ? ቅዳሜና እሁድስ? ትኩሳት ብጽፍበት በስንት ደቂቃ ይደወልልኛል?» አታፍሪ። መልሱ «ለድንገተኛ ነገር ይደውሉ» ከሆነ ያ አፕ ማስታወሻ ደብተር ነው ማለት ነው። ደብተርም ይጠቅማል። ደብተር መሆኑን ማወቅ ነው ዋናው።

አፑን ከመክፈትሽ በፊት የተረኛውን ስልክ ቁጥር በአንቺም በእሱም ስልክ ላይ አስቀምጪ። ወረቀት ላይም ጽፈሽ ፍሪጅ በር ላይ ለጥፊው። ስልክ ባትሪ ይዘጋል፤ ወረቀት አይዘጋም። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ የንቅለ ተከላውን ዓይነትና ቀን፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ አለርጂ ካለው እሱንም በአንድ ገጽ አስጽፊና ፎቶ አንሺው። ምናልባት ወደማያውቁት ድንገተኛ ክፍል ብትሄዱ ካርድ ከማውጣትሽ በፊት የምትናገሪው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ንቅለ ተከላ ተደርጎለታል፣ ትኩሳት አለው።» እንዲህ ዓይነት ሕመምተኛ እንደደረሰ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ አንቲባዮቲክ እንዲጀመርለት የሕክምና መመሪያዎች ይላሉ። ወረፋ ይዞ የሚጠብቅ ሰው አይደለም።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልስሽ። ዶናል ቶማስ የተባለው ሐኪም የመጀመሪያዎቹን የመቅኒ (የስቴም ሴል) ንቅለ ተከላ ሙከራዎች ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ በ1990 ኖቤል ተሸለመበት። ያኔ በሽተኛው ለረጅም ጊዜ ሆስፒታል ተዘግቶበት ይቆይ ነበር። ዛሬ ሕክምናው ተሻሽሎ ቶሎ ይወጣል። ደስ ይላል። ግን ሦስት ፈረቃ ነርሶች ይሠሩት የነበረው ሥራ ትነነ ማለት አይደለም። ወደ ቤት ተሸጋገረ፣ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ። ብዙ ማዕከላት ከሌላ ሰው ሕዋስ ለተቀበለ ሕመምተኛ ለመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት ያህል ሃያ አራት ሰዓት አብሮት የሚሆን አስታማሚ ከሌለ ሕክምናውን አይጀምሩም። እና ከበደኝ ብትዪ አይገርምም። ከባድ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒት። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ የስልክ ጥቅምም ጉዳትም ጎልቶ የሚታየው እዚህ ነው።

ወንድምሽ አሥርና ከዚያ በላይ ዓይነት መድኃኒት ይዞ ቢወጣ አትደንግጪ። ለቫይረስ፣ ለፈንገስ፣ ለባክቴሪያ፣ ለጨጓራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእህታችሁ ሕዋሳት የእሱን ሰውነት እንዳያጠቁ የሚያደርጉ የመከላከያ አቅም ቀናሾች። ከእነዚህ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ታክሮሊመስ ወይም ሳይክሎስፖሪን ነው። የታክሮሊመስ መጠን በደም ምርመራ እየታየ ይስተካከላል። ዛሬ ሁለት ሚሊግራም የነበረው ከነገ ወዲያ አንድ ተኩል ሊሆን ይችላል። ፈንገስ መከላከያው ራሱ የታክሮሊመሱን መጠን ደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርገው አንዱ ሲነካ ሌላውም ይነካል።

የመድኃኒት አስታዋሽ አፕ የሚያሳስተው እዚህ ነው። የአጎትሽ ልጅ ሰኞ የሞላው መጠን አፑ ውስጥ አለ። ሐሙስ ሐኪሙ ለወጠው። አፑ አልሰማም። አርብ ጠዋት ጮኸና የሰኞውን መጠን ነገረሽ። አንቺ ደግሞ ሌሊቱን ሦስት ጊዜ ተነስተሻል፤ የተባልሽውን ትሰጫለሽ።

መፍትሔዬ ቀላል ነው። ደወሉ ሰዓት ይንገርሽ፣ ወረቀቱ መጠን ይንገርሽ። አፑ ላይ ቁጥር አትጻፊ። «የጠዋቱን መድኃኒት ስጪ፣ ዝርዝሩን እዪ» በይው፤ አለቀ። ዝርዝሩ አንድ ብቻ ይሁን፣ ከላይ ቀን ያለበት። በቀጠሮ ቀን መጠን ከተለወጠ አዲሱን ዝርዝር ሳትቀበዪ ከክሊኒኩ አትውጪ። አሮጌውን እዚያው ቅደጂው። ከስልክሽም የድሮውን ፎቶ አጥፊ። የድሮ ፎቶ የስንቱን ሰው ጠዋት አበላሽቷል መሰለሽ።

የታክሮሊመስ አንድ ወጥመድ ልጨምርልሽ። የደም ምርመራ ባለበት ጠዋት መድኃኒቱ የሚወሰደው ደሙ ከተቀዳ በኋላ ነው። ምርመራው የሚፈልገው ከሚቀጥለው መጠን በፊት ያለውን ዝቅተኛ ልክ ነው። ከዋጠው በኋላ ከተቀዳ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሐኪሙም በስህተት ሊቀንስበት ይችላል። አስታዋሽ አፕ ግን የምርመራ ቀንን አያውቅም። ጠዋት ይጮሃል። ስለዚህ የቀጠሮ ዋዜማ ማታ ያንን አንድ ደወል አጥፊና በሌላ ተኪው፤ «ዛሬ ደም አለ፣ ታክሮሊመስ በቦርሳ ይዞ መሄድ» የሚል። ሌላም አለ። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድና በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ ታክሮሊመስ አለ፤ እርስ በርስ አይተካኩም። ከፋርማሲ ስትቀበዪ ሳጥኑ ካለፈው ጊዜ የተለየ ከሆነ ሳትሰጪው ደውዪ። መጠን ቢያልፈው ወይም ቢያስመልሰው በራስሽ አትድገሚለት፣ ደውዪ። የሳጥኑን ፎቶ ለነርሷ መላክ ከቻልሽ ስልክ ሊሠራልሽ ከሚችለው ምርጡ ሥራ ይህ ነው።

ቀጥሎ ትኩሳትና ሰዓቱ።

የአጎትሽ ልጅ ሰዓት መግዛቱ የፍቅር ነው፤ አትውቀሺው። ግን ሰዓቱ ስለ ሙቀት የሚነግርሽ የቆዳን ነው፣ ያውም ከትናንቱ ምን ያህል እንደተለወጠ። ትኩሳት መለኪያ አይደለም። ቴርሞሜትሩ ከአፍ ወይም ማዕከሉ ባሳያችሁ መንገድ ይሁን። በፊንጢጣ በጭራሽ አይለካ፤ ትንሽ ጭረት ባክቴሪያን ወደ ደም ታስገባለች። ብዙ ማዕከላት 38 ዲግሪን ድንበር ያደርጋሉ። የእናንተው ሌላ ቁጥር ከሰጣችሁ የእናንተው ይበልጣል።

ድንበሩ ሲታለፍ ደውዪ። መጀመሪያ ፓራሲታሞል ልስጠውና ልየው አይባልም። ትኩሳቱን ይደብቀዋል፤ ኢንፌክሽኑን ግን አይነካውም። ሌላ ትኩሳት ደባቂ ደግሞ አለ፤ ፕሬድኒሶሎንና መሰሎቹ ስቴሮይዶች። ወንድምሽ እነሱን እየወሰደ ከሆነ 37.4 ላይ ቆሞም በጠና ታሞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብርድ ብርድ ካለው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ሲነሳ ከዞረበት ቴርሞሜትሩም ሰዓቱም ምንም ይበሉ ደውዪ። «ዝም ብዬ ነው የደወልኩት፣ ትኩሳት የለውም፣ ግን ወንድሜ አይመስለኝም» ብላ የደወለችልን እህት ነበረች። እነዚያን ቃላት ከየትኛውም ግራፍ አስቀድሜ አምናቸዋለሁ።

ሰዓቱ የሚጠቅመው ለአዝማሚያ ነው። በእረፍት ጊዜ የልብ ምቱ ለሦስት ቀን 78 አካባቢ ቆይቶ ዛሬ 104 ከሆነ አንድ ነገር አለ። ትኩሳት እየመጣ ይሆናል፣ ፈሳሽ አጥሮት ይሆናል፣ ደሙ ቀንሶ ይሆናል። ምን እንደሆነ ሰዓቱ አያውቅም፤ አንቺም አትገምቺ። ለተረኛዋ ንገሪያት። እርምጃውንም እዪ። ትናንት ከአልጋ እስከ ሳሎን አምስት ጊዜ የሄደ ሰው ዛሬ አንዴ ከሄደ ቁጥሩ «ደህና ነኝ» ከሚለው የወንድምሽ አፍ የበለጠ እውነት ይናገራል። ወንዶች ደህና ነን ማለት ይወዳሉ።

የኦክስጅን ቁጥሩን ግን በጥርጣሬ ያዢው። የጣት መለኪያዎች በጥቁር ቆዳ ላይ ኦክስጅንን ከእውነተኛው አስበልጠው ሊያሳዩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመ የሚሺጋን ጥናት ነበር። መለኪያው ከ92 እስከ 96 ከመቶ እያሳየ የደም ምርመራው ከ88 በታች የሆነባቸው ነጮች 3.6 ከመቶ ሲሆኑ ጥቁሮች ግን 11.7 ከመቶ ነበሩ። ያ የሆስፒታል መሣሪያ ነው፤ የእጅ ሰዓት ከዚያ የተሻለ ይሆናል ብዬ አልጠብቅም። እየተነፈሰ ከደከመው፣ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሰዓቱ 95 ቢልም አትጽናኚ።

ሆስፒታሉ የጫነላችሁ አፕ የምርመራ ውጤት የሚያሳይ ከሆነ አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅሽ። ውጤቱ ሐኪሙ ሳያየው አንቺ ስልክ ላይ ሊደርስ ይችላል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ፣ በቀይ ቀለም፣ ከጎኑ ወደታች የሚያመለክት ቀስት ይዞ። ልብሽ ትር ይላል። የንቅለ ተከላ ሰው ወረቀት ግን ለወራት ቀይ ነው። ቀዩ የሚለካው ከጤነኛ ሰው ጋር ነው። ሐኪሞቹ የሚያዩት ሌላ ነው። ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ለሦስት ተከታታይ ቀናት ከ500 ሲያልፍ ንቅለ ተከላው ያዘ ይላሉ። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ብዙ ጊዜ ከ10,000 ሲወርድ ወይም ሲደማ ነው የሚሰጠው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወርዳል። አንድ መድኃኒት ብቻ ሊያወርደው ይችላል። እኔ ለአስታማሚዎች የምላቸው ኖቲፊኬሽኑን አጥፉና በቀን አንዴ፣ ለሐኪም መደወል በሚቻልበት ሰዓት ክፈቱት ነው። ሌሊት ልታደርጊበት የማትችዪውን ነገር ሌሊት አትወቂው።

በወንድምሽ የይለፍ ቃል አትግቢ ደግሞ። ብዙ ሥርዓቶች ለአስታማሚ የራሱን መግቢያ ይሰጣሉ፤ ጠይቂ። በእሱ ስም ስትጽፊ ነርሷ ከእሱ ጋር የምታወራ ይመስላታል። «ዛሬ ሽንት ስሸና አቃጠለኝ» ብለሽ ብትጽፊ ማን እንደተቃጠለ አይታወቅም። (አትሳቂ፣ ሆኗል።) ከሁሉ በላይ ደግሞ እሱ ትልቅ ሰው ነው። አንቺ እንዳታዪበት የሚፈልገው ነገር ሊኖር ይችላል። ጠይቂው።

የምልክት መመዝገቢያውን አፕ የሆስፒታሉ ካለ አጥፊው። ሁለት ቦታ መመዝገብ ሁለቱንም ግማሽ ያደርጋል። የሆስፒታሉ ከሌለም ተራ የስልክ ማስታወሻ ይበቃሻል። የምትጽፊው ብዙ አይደለም። የትኩሳት ቁጥር፣ ክብደት፣ ስንት ጊዜ ተቀመጠ፣ ምን ያህል ጠጣ፣ ምን አዲስ ነገር ታየ።

«ስንት ጊዜ ተቀመጠ» ያልኩሽ በምክንያት ነው። የለጋሽ ሕዋሳት ተቀባዩን ሲያጠቁ ጂቪኤችዲ ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቆዳን፣ አንጀትን፣ ጉበትን ይመታል። የአንጀቱ ክብደት የሚመዘነው በተቅማጡ ብዛትና መጠን ነው። «ተቅማጥ አለው» ከምትዪኝ «በሃያ አራት ሰዓት ስድስት ጊዜ፣ ውኃ ብቻ» ብትዪኝ ወዲያው ገባኝ። የቆዳው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመዳፍ፣ ከውስጥ እግር፣ ከጆሮና ከአንገት አካባቢ ይጀምራል። መጻሕፍቱ ቀይ ሽፍታ ይላሉ። በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ቀይ ላይሆን ይችላል። ጠቆር ያለ፣ ወይን ጠጅ የሚመስል፣ ወይም ሻከር ያለ ብቻ ይሆናል። ያሳክካል ወይም ፀሐይ እንደመታው ያቃጥላል። ስለዚህ ከሆስፒታል በወጣ በመጀመሪያው ቀን፣ ቆዳው ደህና እያለ፣ መዳፉን፣ ደረቱን፣ ጀርባውን በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንሺው። በኋላ ለውጥ ሲመጣ ያንኑ ቦታ፣ በዚያው ብርሃን፣ አጠገቡ ሳንቲም አድርገሽ አንሺ። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን የምትልክ አስታማሚ ለሐኪሙ ግማሹን ሥራ ጨርሳለታለች። ለመድኃኒት ደረቱ ላይ የገባ ቱቦ ካለው ዙሪያውንም እንደዚያው፤ ቀላ ወይም አበጠ ብለሽ ከምትገልጪ አሳዪ። ፎቶዎቹ ግን ከቤተሰብ አልበም ጋር እንዳይደባለቁ ለብቻ ፎልደር አድርጊላቸው። ስልክሽም ቁልፍ ይኑረው።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱን አልጠየቅሽኝም፤ እንደምትጠይቂው ግን አውቃለሁ። ሐኪሙ የተናገረውን ቃል ትርጉም ለማወቅ፣ ለነገ ቀጠሮ ጥያቄ ለማዘጋጀት ጥሩ ነው። መጠን አትጠይቂው። «ልደውል ወይስ ልጠብቅ?» ብለሽም አትጠይቂው። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ስልኩን ካነሳሽ መደወል አለብሽ ማለት ነው። ወንድምሽ የሚታከመው በሌላ ቋንቋ ከሆነ ደግሞ የመውጫ መመሪያውን በማሽን አስተርጉመሽ አትደሪበት። አስተርጓሚ ጠይቂና በቃል ያስረዱሽ፤ አንቺም መልሰሽ ንገሪያቸው።

ቴሌግራሙ! እዚህ ላይ ፈገግ አልኩ። ሁሉም ግሩፕ አንድ ነው። ጠዋት «እንዴት አደረ?» ይልሻል አርባ ሰው። ለአንዱ ትመልሺለታለሽ፣ ሌላው አላየውም። አንዷ ተአምረኛ ቅጠል ትልካለች። ሌላው ድሮ ያወቀው ሰው በዚሁ በሽታ እንዴት እንደሞተ በድምፅ መልእክት ሰባት ደቂቃ ያወራል። ሰዎቹ ይወዱሻል፤ ግን እየደከምሽ ነው። ከግሩፑ ውጪና አንድ ቃል አቀባይ ሹሚ፤ ያው ሰዓት የገዛው የአጎትሽ ልጅ ይሁን። ለእሱ ብቻ ማታ ማታ ሁለት መስመር ትልኪለታለሽ። እሱ ለሁሉም ያድርስ። ቅጠሉንም እሱ ይቀበል፤ ለወንድምሽ ማንም ያመጣው ነገር ሐኪሙ ሳያውቅ አይሰጥም፤ ከመድኃኒቶቹ ጋር የሚጋጭ ብዙ ነው።

ለዘመዶቹ የሚሻለው መሣሪያ የጋራ ካሌንደር ነው። «የምንረዳሽ ነገር ካለ ንገሪን» የሚል ሰው ሁሉ እውነቱን ነው፤ ምን እንደሚያደርግ ግን አያውቅም። ማክሰኞ ወደ ክሊኒክ የሚወስድ፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ፣ ቅዳሜ ልብስ የሚያጥብ ብለሽ ባዶ ቦታ ክፈቺ። ስማቸውን ይሙሉ። ከላይ አንድ መስመር ጻፊ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ተራውን ይለውጥ፣ አይምጣ። ከሚያስብ ሰው ይልቅ ተራ የያዘ ሰው ይመጣል።

ለአንቺ የተጫነው የጭንቀት አፕ ቀርቷል። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ በእንደዚህ ዓይነት ነገር አላምንም ነበር። እንቅልፍ ያጣችን ሴት «በጥልቀት ተንፍሺ» ማለት ስድብ ይመስለኝ ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠኝ ለአስታማሚዎች ብቻ ተብለው የተሠሩ ነገሮችን ማየቴ ነው። ቦስተን በማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ያሉ ባለሙያዎች ቢኤምቲ ኬር የሚል ለንቅለ ተከላ አስታማሚዎች የተዘጋጀ የምክር ፕሮግራም ሠሩ። ስድስት ክፍለ ጊዜ ነው። ምን እንደሚመጣ አስቀድሞ ያስረዳል፣ የራስን ጤና ከማስታመም ጋር እንዴት ማስኬድ እንደሚቻል ያሠለጥናል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጥናት የተሳተፉት አስታማሚዎች የኑሮ ጥራት እንደተሻለ፣ ሸክማቸውና ድብርታቸው እንደቀነሰ አሳየ። በኋላ አሠልጣኝ ሰው ሳያስፈልግ በስልክ ራሷ አስታማሚዋ የምትከታተለው አፕ አድርገውት ያም ጠቅሟል።

ልዩነቱ ይዘቱ ላይ ነው። ለማንኛውም ሰው የተሠራ የማሰላሰያ አፕ የዝናብ ድምፅ ያሰማሻል። ለአስታማሚ የተሠራው «ሳምንት ሦስት ላይ በእሱ ልትናደጂ ትችያለሽ፣ ያም የተለመደ ነው» ይልሻል። ሆስፒታላችሁን እንዲህ ያለ ነገር፣ ወይም ለአስታማሚ የሚሆን የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አላችሁ ወይ በዪ። የአጎትሽን ልጅ አፕ ክፈቺና ሁለት ቀን ሞክሪው። ካረጋጋሽ ያዢው። «የ5 ቀን ተከታታይ ሪከርድሽ ተቋረጠ» እያለ የሚወቅስሽ ከሆነ በዚያው ሰከንድ አጥፊው። በሕይወትሽ አሁን የሚያስፈልግሽ አንድ ተጨማሪ ወቃሽ አይደለም።

እንግዲህ ሲቆጠር የሚቀርሽ የሆስፒታሉ አፕ፣ የስልክሽ ተራ ደወልና ማስታወሻ፣ የጋራው ካሌንደር ነው።

ሰዓቱስ? የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሮድማፕ በተባለው የንቅለ ተከላ አፓቸው ጥናት ላይ የእጅ መለኪያውን የሰጡት ለሕመምተኛው ብቻ አልነበረም፤ ለአስታማሚውም ነው። ሳየው ቀንቻለሁ፤ እኛ ለአስታማሚ ወንበር እንኳ ሰጥተን አናውቅም ነበር። ወንድምሽ ቴርሞሜትርና የአንቺ ዓይን አለው። ቆዳውን ካሳከከው ወይም ከከበደው ሰዓቱን አንቺ እሰሪው። እርምጃና ኦክስጅን አያስፈልግሽም፤ እንቅልፉን ብቻ እዪ። ሦስት ሌሊት በተከታታይ ከአምስት ሰዓት በታች ከተኛሽ ስክሪኑን ለአጎትሽ ልጅ ላኪለት። አራተኛው ሌሊት የእሱ ተራ ነው ብለሽ ካሁኑ ተስማሚ። መድኃኒት የምትሰጪው አንቺ ስለሆንሽ ይህም የወንድምሽ ሕክምና ውስጥ የሚቆጠር ነው። በቀጠሮ ቀን ለነርሷም አሳዪያት፤ የእሱን ቁጥሮች አይታ ስትጨርስ።